በበረዶ ላይ «በሕግ አምላክ»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። ልክ ናቸው። ግን እነሱ ያዩት የሚሮጥ ሰው ቢበዛ በሬ ያመለጠው፣ ወይም ዝናብ የቀደመው ነው። ጫማው ሥር ምላጭ አስሮ በበረዶ ላይ የሚከንፍ ጎረምሳ አላዩም። ቢያዩ ኖሮ ተረቱን ትንሽ አሻሽለው ይተርቱት ነበር።

እዚህ ዴንቨር ሁሉ ነገር ጥድፊያ ነው ትላላችሁ፤ ምግቡ ጥድፊያ፣ መንገዱ ጥድፊያ፣ ፍቺው እንኳ ጥድፊያ። እኔም እንደናንተው ነበርኩ። ፒዮሪያ ስትሪት የሚሉትን መንገድ በእግሬ ስሻገር መብራቱ «ሴትዮ፣ ቶሎ በይ እንጂ!» እያለ የሚገፈትረኝ ይመስለኝ ነበር። ሆኪ የሚሉትን ነገር ካየሁ ወዲህ ግን ያ ሁሉ ሩጫ የግመል ጉዞ ሆኖብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ ሜሮን፣ እናቷ ሥራ ላይ ስለምትውል ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ አንድ ቀን ረጅም ፈረንጅ ይዛ መጣች። ሉክ ይባላል፤ እኛ ቤት ሉቃስ ነው። ሥራውን ብጠይቃት «በረዶ ላይ በዱላ ጎማ ይመታል» አለችኝ። ጎማ ያለችው እንደ ኳስ የሚያሳድዷት ትንሽ ክብ ላስቲክ ናት፤ ይህም ሥራ ነው! ደግነቱ ልጁ ጨዋ ነው፤ ቃሪያውን እያለቀሰ ይበላል እንጂ ከገበታ አይነሣም።

ታዲያ አንድ እሑድ «እስኪ ምን ይመስላል?» አልኩት። ሜሮን እያስተረጎመች እንዲህ አለኝ፦ «እምዬ፣ እዚያ ላይ ስሆን ሰው አይታየኝም፤ ቀለም ብቻ ነው፣ የኛ ማልያና የነሱ ማልያ። ከኋላዬ የሚመጣውን በጆሮዬ ነው የማውቀው። ምላጩ ከጮኸ እየዞረ ነው። ዝም ካለ ወደኔ እየመጣ ነው። እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ነው።»

«ጎማውንስ?»

«ጎማውንማ ካየሁት አልፎኛል። እጄ ነው የሚያየው።»

ይኸው ልጅ አንድ ፋሲካ እኛ ቤት እያለ ሁለቱ ታክሲ ነጂ ልጆቼ በፖለቲካ ተነሡ። አንደኛው ወንበር ገፍቶ ቆመ፣ ሌላኛው እጁን ሰነዘረ። «በሕግ አምላክ!» አልኩ። ቀጥ አሉ። መቼም እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ይህ ቃል ከተጠራ እጁን ያነሣ ያወርዳል፣ እግሩን ያነሣ ይተክላል። ሉቃስ ግን ሹካውን እንደያዘ አፉን ከፈተ። ሜሮን ነገሩን ብታስረዳው «እያሸነፍክ ቢሆንስ?» ብሎ ጠየቀ። «በተለይ እያሸነፍክ!» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። የገባው መሰለኝ።

ኋላ ትልቁ የዴንቨር ቡድን ለሙከራ ጠራው። ሙከራው አልቆ አንድ ጨዋታ ቀረ። ካለፈ እዚሁ ይቀራል፤ የድሮው ኤርፖርት በነበረበት ቦታ ከሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች አንዱን ተከራይተው በጎረቤቴ ይኖራሉ። ካላለፈ ትንሹ ቡድን ወዳለበት፣ ስሙን እንኳ መጥራት ወደማልችለው ሩቅ ከተማ ይልኩታል። ሜሮንም «እምዬ፣ ከሄደ አብሬው እሄዳለሁ» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። በሆዴ «ኪዳነ ምሕረት፣ ልጄን አይውሰድብኝ» ብዬ ተሳልኩ። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ «እኔም እመጣለሁ» አልኩ።

የሙከራ ጨዋታ ስለሆነ አብዛኛው ወንበር ባዶ ነው። የተቀመጥነው ከተጫዋቾቹ መግቢያ አጠገብ፣ ከፊት የቆመው መስታወት ከተቋረጠበት ነው። ብርዱ አጥንት ይቆረጥማል። ጨዋታው ሲጀመር ግን ብርዱን ረሳሁት። ሰው በሚጋልብ ፈረስ ላይ ሆኖ መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ አይታችኋል? እንደዚያ ነው። ዐይኔ ሉቃስን ሲያገኘው እሱ ሌላ ቦታ ነው። ሰው ከሰው ሲላተም ወንበሬ ይነቀነቃል። ሜሮን ጥፍሯን በላች፤ እኔ መቁጠሪያዬን ፈተልኩ።

እኩል ለእኩል ሆነው ጥቂት ሲቀር ሉቃስ ግንብ የሚያህለውን የዚያኛውን ቡድን ሰው ሁለት ጊዜ አታልሎ አለፈው። ግንቡ ተቆጣ። መጥቶ ፊት ለፊታችን ጓንቱን ጣለ።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ፋይት ሊያደርጉ ነው» አለች ሜሮን፣ ከንፈሯ ነጥቷል። «እሱ ካልጣለ ፈሪ ይሉታል። ከጣለ ደግሞ እጁ ቢሰበርስ? በቃ፣ አለቀ!»

ሉቃስ ጓንቱን ጣለ። ቡጢውን አነሣ። እኔም፣ ምን ላድርግ፣ እግሬ ራሱ አቆመኝ።

«በሕግ አምላክ!!»

ድምፄን ታውቁታላችሁ፤ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው ይጠራል። ሉቃስ ዞር ብሎ አየኝ። እጁ ወረደ።

የግንቡ እጅ ግን አልወረደም። እሱ ፋሲካን እኛ ቤት አልዋለማ!

ጡጫው ሲያርፍ ድምፁን ሰማሁት። ሉቃስ ወደቀ፤ ነጩ በረዶ ቀላ። «እምዬ! ዋት ዲድ ዩ ዱ! ምን አደረግሽ!» አለች ሜሮን፤ ከዚያ ወዲያ አላየችኝም። ተቀመጥኩ። ልጄን በገዛ አፌ ሩቅ አገር ሰደድኳት አልኩ።

ዳኛው መጣ። ግንቡን ለብቻው ወስዶ የቅጣት ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ የተማታው እሱ ብቻ ነዋ። ቡድኑ አንድ ሰው ጎደለው። ሉቃስ አፉን ጥጥ ሞልቶ ተመለሰ። ከዚያ የሆነውን እኔ አላየሁም ብል ይሻላል፤ አንድ ጊዜ ዐይኔን ጨፈንኩ፣ ስከፍት የጎሉ መብራት ይብለጨለጫል፣ ሜሮን አንገቴ ላይ ናት።

እሱ ኋላ ሲነግረኝ ግን ያቺ ቅጽበት ረጅም ነበረች። «ጎማው ዱላዬን ሲነካ አልሰማሁትም፣ ክርኔ ድረስ ተሰማኝ» አለ፣ በተሸረፈው ጥርሱ መሐል እያፏጨ። «ሁለት ሰዎች ሊደፈጥጡኝ መጡ። በመሐላቸው አንድ በር ነበረች፤ ከመዘጋቷ በፊት ትከሻዬን አሾለክኩ። በረኛው ዐይኔን ነው የሚያየው። ወደ ግራ አየሁለት፣ እጄ ወደ ቀኝ መታ። እዚያ ውስጥ ሆኜ ብዙ ጊዜ ነበረኝ፣ እምዬ። ትንፋሽ ነው ያልነበረኝ።»

በማግሥቱ አሰልጣኙ አስጠራው። «ጎል የሚያገባ ሞልቶኛል» አለው። «ጡጫ እየመጣበት እጁን የሚሰበስብ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። እንዲህ ራሱን የሚገዛ ነው የምፈልገው። ቀርተሃል።» ሉቃስ ምን ይበል? የምፈራቸው አሮጊት አሉ አይል!

ስለቴ ሰመረ ብዬ እልል አልኩ። ለካ ያልነገሩኝ ነገር ነበር፤ ትልቁ ቡድን እኩሌታውን የሚጫወተው በሰው አገር ነው። ዛሬ ካናዳ ነው፣ ነገ ካሊፎርንያ። ሜሮን እኔ ሶፋ ላይ ትራስ አቅፋ ቴሌቪዥኑ ላይ ታፈጣለች፤ እሱን በገጩት ቁጥር ክንዴን ይዛ ታበልዘዋለች። ሲዘጋ ደግሞ ስልኳ ላይ ታፈጣለች። እኔ የተሳልኩት ልጄን እንዳይወስድብኝ ነው፤ አልወሰዳትም። ልቧን ግን ይዞት ይዞራል። ስሳል ልቧን አላነሣሁማ! ስለት ሲሳሉ አሟልቶ መናገር ይበጃል።

ትናንት ጠዋት ትራሷን ቀማኋት። «ተነሺ» አልኳት፣ «ትኬት ቁረጪና ያለበት ሂጂ።»

አንገቷን ደፋች። ለካ ቆርጣ ኖሯል፤ የጨነቃት እንዴት ብላ እንደምትነግረኝ ነበር።

ፈጠንኩ ስል ተቀደምኩ።