ሰው የሚወድ ፈረስ

ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚሄድበትን የሚያውቅ ይመስላል። አንገቱን ቀና፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ ልጓሙን በሁለት ጣቱ ይዞ ሲያልፍ ስታዩት፣ "ይሄስ ቆርጦ የተነሳ ሰው ነው" ማለታችሁ አይቀርም። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰውም እንደዚያው ነው። ማኅተሙ መሳቢያው ውስጥ፣ ብዕሩ ኪሱ ላይ አለና መሪው እሱ ይመስለናል፤ ከሥር ማን ተሸክሞ ወዴት እየወሰደው እንደሆነ የሚያየው የለም። እኔ እንግዲህ ልጓም ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፣ ፈረሴን አንድም ቀን መርቼው አላውቅም።

አባቶቻችን "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ብለዋል። የት እንደሚያደርስ ግን አልነገሩንም።

የቦንጋ ልጅ ነኝ፤ ከቤቴ እስከ ገበያው ለመሄድ ባጃጅ የምጠራ ከተሜ። ሥራዬ የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘርነት ነው። አራት የገጠር ትምህርት ቤቶችን እዞራለሁ፣ የጎደለውን እጽፋለሁ፣ የጻፍኩትን ለጽሕፈት ቤታችን አስገባለሁ፤ ጽሕፈት ቤቱም ተቀብሎ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጉድለቱ ፋይል ውስጥ ከገባ በኋላ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። ወደዚህ ገጠር ስመደብ "ሞተር ሳይክል አለ" ተብዬ ነበር። እውነትም አለ። ጓሮ ቆሞ፣ ሸራ ለብሶ፣ የዘበኛው ዶሮ ከሥሩ እየታቀፈችበት። "ጥገና ላይ ነው" ይሉኛል። የሚጠግነው ሰው አይቼ ስለማላውቅ ጥገናውን የያዘችው ዶሮዋ ሳትሆን አትቀርም ብዬ ተውኩት።

አንድ ዓመት ተኩል በእግሬ ተመላለስኩ። የእኛን አገር ክረምት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ዝናቡ ለጥቂት ቀናት ትንፋሽ ሲወስድ "በጋ ገባ" እንላለን፣ ካፖርታችንን ሳናወልቅ ተመልሶ ይመጣል። ጭቃው ደግሞ ቦቲያችሁን ይዞ ያስቀርና እናንተ በካልሲ ትቀጥላላችሁ። አንድ ቀን እንደዚያ ሆኜ ቤት ስገባ ባለቤቴ ጽጌ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ወይ ፈረስ ግዛ፣ ወይ ዋና ተማር" አለችኝ።

ሺሺንዳ ገበያ ወረድኩ። ጥቁር የለበሰ አንድ ጎልማሳ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ ይዞ ቆሟል። ፈረሱ ቦራ ይባላል።

"የአባቴ ነበር፤ አባቴ አረፉ" አለኝ። "እኔ የምኖረው ከተማ ነው።"

"ይራገጣል?"

"አይራገጥም።"

"ይደነብራል?"

"አይደነብርም።"

"ታዲያ ምን ችግር አለበት?"

ሰውየው ሐቀኛ ነበር። ትንሽ አሰበና "ሰው ይወዳል" አለኝ። እንዲህ ያለውን ችግር ያብዛልኝ ብዬ ገዛሁት።

ሰኞ ጠዋት ኮርቻ ጭኜ፣ ቦርሳዬን አንግቼ፣ ወደ መጀመሪያው ትምህርት ቤት ጉዞ ጀመርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ቦራ ድንኳኑን እንዳየ ከመንገዱ ወጣ፣ ቀስ ብሎ ሄዶ አጥሩ ሥር ቆመ። በተረከዜ ነካሁት። አፏጨሁለት። ለመንኩት። እንደ ተተከለ ግንድ ቀጥ አለ። ይህን ጊዜ ሁለት ሰዎች ወጥተው አንዱ ልጓሙን፣ ሌላው እርካቡን ያዘ።

"እኔ እንኳ ወደ ትምህርት ቤት..."

"ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ ለቅሶ ቤት ደጅ ላይ አይቆምም።"

ገባሁ። ምን ላድርግ? ንፍሮ ተሰጠኝ። ማን እንደሞተ አላውቅም። ዝም ብዬ ስቀመጥ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝና አጠገቤ ወዳሉት ሽማግሌ ዘንበል ብዬ "ለመሆኑ ሰውዬው ዕድሜያቸው ስንት ነበር?" አልኳቸው።

"ሴት ናቸው" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላልኩም። ዝምታዬን ከሐዘን ቆጠሩልኝ።

ስወጣ እኒያው ሽማግሌ የቦራን አንገት እየዳበሱ ነገሩን አስረዱኝ። የፈረሱ ጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ጋሽ ኃይሌ፣ የዚህ አካባቢ የዕድር ዳኛ ነበሩ። ለቅሶ አይተው አያልፉም፤ አራስ ቤት አያልፉም፤ የታመመና የተጣላ አያልፉም። ፈረሱ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ሥራው ይህ ነው፤ ሰው የተሰበሰበበት በር ሲያይ መቆም፣ ጌታው ወርደው እስኪመለሱ መጠበቅ። እኔ መጓጓዣ የገዛሁ መስሎኝ የሰው ማኅበራዊ ኑሮ ከነውዝፉ ገዝቼ ኖሯል።

መንደሩ ውስጥ ዕድር አልገባሁም ነበር። "ዝውውር ጠይቄያለሁ፣ ዛሬ ነገ እሄዳለሁ" እያልኩ ከሰው ርቄ፣ ሰላምታዬን በአንገቴ እያደረስኩ የምኖር ሰው ነበርኩ። ቦራ ይህን አልሰማም። በሁለት ወር ውስጥ አምስት ለቅሶ ደረስኩ፤ ሦስት አራስ ጠየቅሁ፤ ገንፎ በላሁ፤ በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች መሐል ተቀምጬ "ተዉ፣ ወንድም ነው የሚሻለው" ብዬ መከርኩ። እኔ ራሴ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከተኳረፍኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሁለቱ ግን ታረቁ። የሰው ምክር ከራስ ቤት ውጭ ሲሆን እንዴት እንደሚያምር!

ቦራ በየዕለቱ የማያልፋት አንዲት በር ነበረች። የእትዬ አስካለች። እትዬ አስካለች ብቻቸውን የሚኖሩ ጎስቆል ያሉ አሮጊት ናቸው። የፈረሱን ኮቴ ሲሰሙ መዳፋቸው ላይ ጨው ይዘው ይወጣሉ። እሱ ሲልስ በካፊኖኖ ያጫውቱታል፤ ይስቁለታል፤ ምናልባትም ሰው ያሙለታል። ሲጨርሱ ቀና ይሉና ለእኔ በአማርኛ "ደህና ዋሉ?" ይሉኛል። ካፊኖኖ እኔም አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው። ነገር ግን ቦርሳ ይዤ የመጣሁ ሰው ነኝና ድርሻዬ የቢሮው ቋንቋ ነው። በፈረስ ቀናሁ ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ ቀንቻለሁ።

አንድ ረቡዕ ከበላይ የመጡ ገምጋሚዎች ትምህርት ቤት ሆነው እየጠበቁኝ ነው። ሪፖርቴን በፌስታል ጠቅልዬ በብብቴ ይዣለሁ፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ረፍዶብኛል። የእትዬ አስካለች በር ላይ ስንደርስ ቦራ እንደ ልማዱ ቆመ። ሴትየዋ አልወጡም። "ተመስገን፣ ዛሬስ ሳንዘገይ እናልፋለን" አልኩ በልቤ። ቦራ አልሄደም። ወርጄ ጎተትኩት። አልሄደም። ከኋላው ሆኜ ገፋሁት፤ ቀና ብሎ አየኝና ጭራውን ነሰነሰ።

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። "ሴትየዋ አሳስበውኝ ገባሁ" ብዬ ብነግራችሁ ማን ይመሰክርብኛል? እውነቱ ግን የገባሁት ጨው ፍለጋ ነው። ጨዉን ካልላሰ እንደማይነቃነቅ ስላወቅሁ ራሴ አምጥቼ ላስልሰው ብዬ ነው።

እትዬ አስካለች ከአልጋቸው ሥር ወድቀዋል። ገላቸው እንደ እሳት ይፋጃል፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። እሳቱ ከጠፋ የቆየ ነው። ጎንበስ ብዬ ስጠራቸው ዓይናቸውን በግድ ገለጡ።

"ኃይሌ ነህ?"

"አይ እትዬ፣ ሱፐርቫይዘሩ ነኝ።"

"ፈረሱስ?"

"ፈረሱ በር ላይ ነው።"

"እህ!" አሉና ዓይናቸውን መልሰው ከደኑ፤ "ታዲያ መጣሁ አትልም።"

ጮኼ ጎረቤት ጠራሁ። በጋቢ ጠቅልለን ኮርቻው ላይ አስቀመጥናቸው፤ እኔ ከኋላቸው ሆኜ ደረቴ ላይ አስደገፍኳቸው፤ ሁለት ጎረቤቶች ግራና ቀኝ ይዘው ጤና ጣቢያ ድረስ ተጓዝን። ያን ዕለት ቦራ በማንም በር አልቆመም። ነርሷ "የሳንባ ምች ነው፤ አንድ ሌሊት ቢጨምሩ አይተርፉም ነበር" አለችን። ደረቴ ላይ የተደገፈው ጭንቅላታቸው የወፍ ያህል እንኳ ክብደት አልነበረውም። ያን ቀላልነት እስከ ዛሬ ደረቴ ላይ እሸከመዋለሁ። ሪፖርቱ ግን በብብቴ ውስጥ ሟሟ።

ሁለት ነገር ተከተለ። በሳምንቱ ከጽሕፈት ቤቱ "በሥራ ገበታዎ ላይ ባለመገኘትዎ" የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ምክንያቴን ጽፌ አስገባሁ፤ "የጠቀሱት ምክንያት በመመሪያው ውስጥ አልተካተተም" ተባልኩ። እውነታቸውን ነው፤ መመሪያውን ያወጣው ሰው ፈረስ የለውም። በዚያው ሳምንት እሑድ ደግሞ የመንደሩ ዕድር ጸሐፊ አድርጎ መረጠኝ። አባል እንኳ አልነበርኩም። "እንደ እርስዎ ያለ ለሰው የሚያስብ የት ይገኛል?" አሉኝ። በር ላይ ታስሮ ሣር የሚግጠውን በዓይኔ እያየሁ "ኧረ ምንም አላደረግሁም" አልኩ። ትሕትና መሰላቸው።

ወር ሳይሞላ ማስጠንቀቂያውን የፈረሙት የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣ አቶ ተስፋዬ፣ ትምህርት ቤቶቹን በአካል ሊጎበኙ መጡ። መኪናቸው ወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዷ ሰመጠች። ሱፍ ለብሰዋል፣ ከረቫት አስረዋል፣ ጫማቸው ያብረቀርቃል።

"አንተ ፈረስ አለህ አይደል? ስጠኝ" አሉኝ። "ከዚህ እስከ ትምህርት ቤቱ ስንት ይፈጃል?"

"አንድ ሰዓት፣ ጌታዬ።"

"ጠባዩስ?"

"ሰው ይወዳል።"

በሦስት ሰዓት ተነሱ። እኔ በአቋራጭ በእግሬ ሄጄ ከዳይሬክተሩ ጋር ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሰዓት ሆነ። አቶ ተስፋዬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቅ አሉ። ከረቫታቸው ላይ የገንፎ ቅቤ አለ፣ ኪሳቸው ውስጥ የተረፈ ንፍሮ አለ፣ ዓይናቸው ደም ለብሷል። ሁለት ለቅሶ ደርሰው አንድ አራስ ጠይቀዋል። በየቤቱ ሰው ከቦ ጠይቋቸዋል፤ ልጆቻችን መሬት ላይ ተቀምጠው እስከ መቼ? የሒሳብ አስተማሪው ከሄደ ወዲህ ማን ይተካል? አዳራሽ ውስጥ ቢሆን "በሂደት ላይ ነው" ብለው ያልፉት ነበር። የሰው ገንፎ እየበሉ፣ የሰው እንባ እያዩ ግን "በሂደት ላይ ነው" አይባልም፤ ማንኪያው አፍ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሰውዬው በየቤቱ ቃል ገብተዋል።

ከፈረሱ ሲወርዱ ልጓሙን ወረወሩልኝ።

"ይህ ፈረስ ለሥራ አይሆንም" አሉኝ። "ሞተሩ በዚህ ሳምንት ይጠገናል።"

ተጠገነም። ሁለት ዓመት ሊሞላው የነበረ ጉዳይ በአራት ቀን! ዴስኮቹም መጡ፤ የሒሳብ አስተማሪው ገና በሂደት ላይ ነው። ዶሮዋ ምን እንደሆነች አልጠየቅሁም።

አሁን ሞተርም ፈረስም አለኝ። ቤንዚን ሲገኝ በሞተር፣ ሲጠፋ በቦራ እሄዳለሁ። ሞተሩ፣ ሐቁን ልናገር፣ ድንቅ ነገር ነው። በየትም በር አይቆምም። ባለፈው ሳምንት አንድ ንብ አርቢ ሞተው ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ስብሰባ ነበረኝ። ፍጥነቴን ቀነስ አደረግሁ፤ ማንም ልጓሜን አልያዘም፤ አለፍኩ። መስታወቱ ላይ ድንኳኑ እያነሰ እያነሰ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ኅሊናዬ አላስቀምጥ ሲለኝ በቦራ ሄጄ ገባሁ። ሳልፍ ያዩኝ ብዙ ናቸውና ፊታቸውን አጥቁረው ይጠብቁኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድ ሰው "ማክሰኞ ሲያልፉ አይተን ነበር" ብሎ ጀመር። ከሴቶቹ መሐል፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት እትዬ አስካለች ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ።

"እሱ ምን ያድርግ?" አሉ። "ሞተሩ ነው። ሞተር ምን ያውቃል?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "እውነት ነው" አሉ፣ "ሰውዬውማ ደህና ሰው ነው።" ንፍሮውን ወደ እኔ ገፉልኝ።

እኔም አንገቴን ደፍቼ አንድ እፍኝ ዘገንኩና "ሞተሩ ነው" አልኩ።