አማቼ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ይሄዳል?

ሰው ሃምሳን ከተሻገረ በኋላ የሚያስደነግጠው ነገር እየቀነሰ ይሄዳል ይባላል። እኔም አምኜ ነበር። ዳላስና ፎርት ወርዝ መሃል ሰው በመኪናዬ ሳመላልስ ያላየሁት የለም። ሙሽራ ከነቬሎዋ ብቻዋን አሳፍሬ አውሮፕላን ማረፊያ አድርሻለሁ። እባብ በሣጥን ይዞ የገባ ሰው ስለ እባቡ ጠባይ ሙሉውን መንገድ ሲያጫውተኝ፣ «አይዞህ፣ ይለምዳል» እያልኩ ነድቻለሁ። ሶ፣ የድንጋጤ ድርሻዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚሉት ግን ወደው አይደለም፤ የእኔ ጉድ እንዲያውም መስከረምን አልጠበቀም፣ በሚያዝያ መጣ።

የመጣው ሙሉ በምትባለው እህቴ በኩል ነው። «ጋሼ፣ ና። በስልክ የሚወራ አይደለም» አለችኝ። ከእኔ ቤት ከሌክ ሃይላንድስ እሷ ቤት ጋርላንድ ሃያ ደቂቃ ነው፤ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ደረስኩ።

ባሏ አስቻለው አየር ማረፊያ ዕቃ ጭነት ላይ የሚሠራ፣ ድምፁ ከማቀዝቀዣ ድምፅ የማይበልጥ ዝምተኛ ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ እኔ ከአፉ የሰማሁት ተሰብስቦ ቢጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም። ይኸው ሰው ስምንት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ኦፍ አድርጎ ይጠፋል። ሲጠየቅ «ኦቨርታይም ነው» ይላል። አብሮት የሚሠራ ጎረቤታቸው ግን ቅዳሜ ኦቨርታይም የሚባል ነገር እንደሌለ ሳያስበው ተናግሯል። ከሁሉም የባሰው ደግሞ አስቻለው ከመውጣቱ በፊት ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ አንድ ቀን ካውያ ነክቶ የማያውቅ ወንድ ድንገት ኮሌታ ማቃናት ሲጀምር ምን ማለት እንደሆነ እናንተም አታጡትም።

ሙሉ ከሱሪው ኪስ ያገኘችውን ወረቀት ሰጠችኝ። በእንግሊዝኛ «ጃም፤ ሁለተኛ ቅዳሜ ሳክሲ፣ አራተኛ ቅዳሜ ዋይሊ» ይላል። ከሥሩ አንድ ስም አለ፦ ሊንዳ።

«የፍቺ ሎየር ላናግር ነው» አለች፤ አላለቀሰችም። ያላለቀሰች ሴት ታስፈራለች።

«ቆይ፣ እኔ ልየው» አልኳት። ታላቅ ወንድም ነኛ። በቤተሰባችን ውስጥ ነገር የሚጣራው በእኔ ነው።

ማጣራቱን በኢንተርኔት ጀመርኩ። «ጃም» ብዬ ስጽፍ መጀመሪያ ማርማላታ መጣልኝ፣ ቀጥሎ የመንገድ መጨናነቅ። የጎረቤት ከተሞቹን ሳክሲንና ዋይሊን ስጨምርበት ግን አንድ ደግ ሰው የሚያሰናዳው የሚመስል ገጽ ተከፈተ። ለካ እዚህ እኛ የምንኖርበት አገር ውስጥ፣ በየወሩ በየሰፈሩ፣ በየአዳራሹና በየመናፈሻው፣ ብሉግራስና ኦልድ ታይም የሚባለውን የአሜሪካ ባላገር ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው ክብ ሠርተው ይጫወታሉ። ተመልካች የለም፣ መድረክ የለም፤ የመጣ ሁሉ ይቀመጣል፣ የቻለውን ይጫወታል። ጃም የሚሉት ይህንን ነው። ከግርጌው «ቦታ ሊለወጥ ስለሚችል ከመምጣትዎ በፊት ይደውሉ» ይላል። አልደወልኩም። አመንዝራ ሊይዝ የሚሄድ ሰው ደውሎ ይሄዳል? በአራተኛው ቅዳሜ ዋይሊ ብደርስ በሩ ተቆልፏል፤ የዚያን ሳምንት ብቻ ወደ ሌላ ቦታ መዛወሩን የሚናገር ወረቀት ተለጥፎበታል። ትክክለኛ ቅጣቴን አገኘሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳክሲ ሄድኩ። አንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት አዳራሽ ነች። የአስቻለውን መኪና ከሦስት ፒክአፕ መሃል ፓርክ ተደርጋ አየኋት። ሙዚቃው እደጅ ድረስ ይሰማል። በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁና ደርቄ ቀረሁ።

ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ሽበታም፣ ቦት ጫማና ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ ነጮች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ጊታር አለ፣ ማንዶሊን አለ፣ ከበሮ ላይ አንገት የበቀለ የሚመስለው ባንጆም አለ። መሃላቸው፣ ኮሌታው እንደ ቢላ የተሳለ ሸሚዝ ለብሶ፣ አማቼ አስቻለው ቫዮሊን ይገዘግዛል። ቫዮሊኑን እንደ ሰው አገጩ ሥር አልሸጎጠውም። ጭኑ ላይ አቁሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በቅኝታችን እያስለቀሰ ከባንጆው ጋር ያሯሩጠዋል። ያ ዝምተኛ ሰው።

አንዲት ከሳ ያለች አሮጊት ከእሷ የሚረዝም፣ ቤዝ የሚሉትን ግዙፍ ቫዮሊን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ እኔ መጣች። ደረቷ ላይ «ሊንዳ» የሚል ተለጥፏል። ሰባ አምስት ዓመት ይሆናታል።

«ምን ትጫወታለህ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ግድ የለም፣ ግማሻችን እንደዚያው ነን። የአሽ ወንድም ነህ?»

አሽ የምትለው አስቻለውን ነው፤ የሚስቱ ወንድም መሆኔን ነገርኳት። ፊቷ በራ። «ታዲያ አባቱን ታውቃቸው ነበር? በአንድ ክር የሚጫወቱ፣ በየሠርጉ እየተጠሩ እዚያው ግጥም እየፈጠሩ የሚዘፍኑ ታላቅ ሰው ነበሩ አሉ። ነገሩን ሲነግረን እኮ ቆመን ነው ያጨበጨብንለት።»

ክው አልኩ። ወንበር ሰጠችኝ፤ መቀመጤን አላስታውስም።

ለምን እንደደነገጥኩ ልንገራችሁ፣ ባፍርበትም። አስቻለው እህቴን ሲጠይቅ አባቱ የእህል ነጋዴ ነበሩ ተብሎ ነው። ይህንንም አጥንት ልቆጥር ጎንደር ድረስ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ሁለት ሽማግሌ አስቀምጬ፣ አጣርቼ የመጣሁት እኔው ነኝ። አዝማሪ ቢሆኑ ኖሮ ሠርጉ አይታሰብም ነበር። እኛ እንዲህ ነና። አዝማሪው ሲያወድሰን ተነስተን እስክስታ እንወርዳለን፣ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፋለን፣ ልጃችንን ሲጠይቀን ግን ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ይኸው እኛ የምንጠየፈውን የቴክሳስ ባላገር ተነስቶ አጨበጨበለት።

ዘፈኑ ሲያልቅ አስቻለው ዓይኑን ገለጠና አየኝ። መሣሪያውን በጥንቃቄ ሣጥኑ ውስጥ አስተኝቶ ተከትሎኝ ወደ ውጭ ወጣ። መኪናው ላይ ተደግፎ በዚያች በትንሽ ድምፁ በአንድ ጊዜ የዓመቱን አወራኝ።

«አንድ ቅዳሜ በዚህ ሳልፍ የትራፊክ መብራት ይዞኝ ነው ሙዚቃውን የሰማሁት፣ ጋሼ። አባቴ ያስተማረኝ እጄ ውስጥ ነበር፣ አልጠፋም። አባትህ ምን ይሠራ ነበር ብለው ጠየቁኝ፤ ልዋሽ ነበር፣ እውነቱ አምልጦኝ ወጣ።» ኮሌታውን አቃና። «አባቴ በሕይወቱ ሲጨበጨብለት ያየሁት ለሌላ ሰው ውዳሴ ነው። ለእሱ ለራሱ ሲጨበጨብ ያየሁት ገና ያን ዕለት ነው። ለሙሉ ግን አትንገርብኝ። በውሸት ነው ያገባኋት።»

«እሺ» አልኩት። ከዚያም በቀጥታ ሄጄ ነገርኳት። ካልነገርኳት ሎየር ልታናግር ነዋ።

«ሴት ናት?» አለችኝ በሩን ሳትዘጋ።

«አይደለችም። ማለቴ፣ ሴትስ ናት፣ ግን ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቤዝ ነው የምትጫወተው።» ከዚያ ድምፄን ቀነስኩ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው። «ሙሉዬ፣ አባቱ አዝማሪ ነበሩ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች።

ሁለተኛው ድንጋጤ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ አልተዘጋጀሁበትማ።

«ሳንጋባ ነው ያወቅሁት። የሰፈራቸው ልጅ አብራኝ ትማር ነበር። ያነጋገርካቸውን ሽማግሌዎች ማን ያስጠናቸው ይመስልሃል?»

«አንቺ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማንን ፈርቼ ይመስልሃል፣ ጋሼ?»

እሱ ከእሷ ደበቀ፣ እሷ ማወቋን ከእሱ ደበቀች፤ ሁለቱንም ያስደበቃቸው በየበዓሉ ጠረጴዛቸው ራስ ላይ የሚቀመጠው የተከበረ ወንድም ነው። ቤቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጸጥ ያለው በአስቻለው ጠባይ ይመስለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው። «አንድ ቀን ይነግረኛል እያልኩ ስጠብቅ ኖርኩ። አንድ ቀን ይዘፍንልኛል እያልኩ። ለእነሱ ዘፈነላቸው።»

በአራተኛው ቅዳሜ ዋይሊ ይዣት ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ደውዬ ነው። ስትገባ አስቻለው አያት፤ ደጋኑ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሌሎቹም ተራ በተራ አቆሙ፣ ባንጆውም ቆመ። ሙሉ ከክቡ ውጭ ካሉት ወንበሮች አንዱን ጎትታ ቀጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከአፏ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ተናገረች።

«ተቀበል።»

የአዝማሪ ልጅ ተቀበል ተብሎ ዝም አይልም። ደጋኑን ክሩ ላይ አወረደ። እሷም ግጥሟን ሰጠችው፦

የእህል ነጋዴ ልጅ ብሎህ ሽማግሌ፣
ጎተራው ሞልቶልህ በራብ ሞትኩኝ ባሌ።

ተቀበላት። ድምፅ እንዳለው እኔ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ሰማሁ። ደጋግሞ ሲያዜመው ባንጆው በቀስታ ገባ፣ ማንዶሊኑ ተከተለ፣ ሊንዳ ቤዟን አቅፋ ከሥር መታች። ሙሉ እንባዋ ኮቷ ላይ ይወርዳል፣ አትጠርገውም።

ሲጨርሱ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለችው?» አለች ሊንዳ።

ሰምና ወርቁን በምን እንግሊዝኛ ልፍታው? የሽማግሌዎቹን ነገር ልጀምርላት? አሳጠርኩና፣ «እርቦኛል ነው ያለችው» አልኳት።

ሊንዳ ደነገጠች። ቤዟን ለጎረቤቷ አስይዛ እየሮጠች ከኩሽናው ፔካን ፓይ ከሚሉት የለውዝ ኬክ ትልቅ ቁራጭ በሳሕን ይዛ መጣችና እህቴ ጭን ላይ አኖረችላት። «ብዪ፣ የኔ ልጅ» አለቻት።

ሙሉ ሳሕኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ባሏን አየች። ከዚያ እያለቀሰች በሹካ ቆረሰችና መጀመሪያ አስቻለውን አጎረሰችው።