የወንድሜ እንጥልና የሴሉ መሪጌታ

ይኸውላችሁ፣ እስካሁን አልተረጋጋሁም። ለአንድ እንጥል ይህን ያህል? ትሉኝ ይሆናል። የራሳችሁ ወንድም ቢሆንስ?

ነገሩ ትናንት ነው። እናቴ አዲ አርቃይ ለቅሶ ሄዳለች፤ ስልኳ አይሠራም። ትንሹ ወንድሜ ናቲ ጉሮሮው አብጦ፣ ሰውነቱ እሳት ሆኖ፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶታል። ከትምህርት ቤት ተመልሼ አዘዞ ቤታችን ስገባ ምን አየሁ መሰላችሁ? ከትክል ድንጋይ ልትጠይቀን የመጣችው አክስቴ ናቲን ጭኗ ላይ አስተኝታ እጁን ጥፍር አድርጋ ይዛለች። ከፊቷ እንጥል ቆራጩ አያ ደሴ ስለታቸውን በአረቄ ይወለውላሉ።

ጮህሁ? አልጮህሁም። ማስተማር ጀመርሁ! አትሳቁ። አምና ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት የምፈራዋ ልጅ፣ ዘንድሮ ባዮሎጂ ላይ አፌ አይዘጋም። የፈራ አፍ ደግሞ ያገኘውን ነው የሚናገር።

ሴል ሁሉ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው የያዘው አልኋቸው። እንደ ዜማው መጽሐፍ፣ እንደ ድጓ በሉት። ድጓው ያው ነው፤ የዕለቱን ገጽ የሚገልጠው ግን መሪጌታው ነው። ሴል ውስጥም መሪጌታ አለ፣ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ይሉታል። የቆዳ ሴልም ጀርም የመዋጊያው ገጽ አለው፤ ገላጭ የለውም። ነጭ የደም ሴል ጋ ግን ገላጭ አለ። አንዱን ጀርም ዋጭ ያደርገዋል፣ ሌላውን ፀረ እንግዳ አካል ሠሪ። የናቲ ጉሮሮ ያበጠው እነሱ እየተዋጉ ስለሆነ ነው። እንጥሉን ብትቆርጡት ቁስል ጨመራችሁባቸው እንጂ ምን ረዳችኋቸው?

አክስቴ አፈጠጠችብኝ። "ምነው አንች! ሴል ያነባል በይኛ! እኔ እንኳ አልቻልሁ!"

አያ ደሴ ግን ረጋ ብለው፣ "ሸጋ ተናገርሽ ልጄ። መሪጌታው ቢያንቀላፋስ?" አሉኝ።

ይህን አልተማርነማ! አስከልክዬ ጉሮሮው ቢዘጋስ? የተማረች እህቱ ገደለችው ሊባል ነው። ዝም አልሁ። አያ ደሴ የናቲን አገጭ ያዙ።

"ዝም ያለችው" አለች አክስቴ፣ "ሴሎቹ እያነበቡ ስለሆነ እንዳትረብሻቸው ነው!"

አያ ደሴ ሳቅ አፈናቸው፤ እጃቸው ላላ። እሷም በራሷ ቀልድ ተንከተከተች። ናቲን መንጭቄ ወጣሁ! ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ስገባ አክስቴ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርጋ ደርሳ አጠገቤ ዘጭ አለች። እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ አንዴ ለናቲ ትጸልያለች፣ አንዴ እኔን ትረግማለች።

ነርሷ ባትሪ አብርታ አየችው። ቶንሲሉ ነው ያመረቀዘው፣ እንጥሉ ምንም አልሆነም አለች። ሴሎቹ ብቻቸውን አልቻሉትም፣ መድኃኒት ያግዛቸው ብላ መርፌ ወጋችው። ሲመሽ ናቲ ውሃ ዋጠ። አክስቴ ዕልል አለች፤ እኔን ግን አላየችኝም።

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ያደረግሁት? የናቲን አፍ ከፍቼ አየሁ። እንጥሉ ተንጠልጥሏል። ደስ ብሎኝ፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ፣ መስታወት ፊት ቆሜ የራሴን አፍ ከፈትሁ። ባዶ!

አክስቴ ከኋላዬ ሆና አየችኝና፣ "አየሽ?" አለች ኩራት በኩራት ሆና። "እንዲህ የምትለፈልፊው በሕፃንነትሽ እኔ ስላስቆረጥሁሽ ነው።"