ቆሮሶውን ስሙን ብጠይቀው

ሰው የሚጃጃለው ባለማወቁ አይመስለኝም። የሚያውቀውን ነገር እንደገና ላጣራ ብሎ ሲነሳ ነው። ካላመናችሁኝ ባለፈው ቅዳሜ የደረሰብኝን ስሙ።

ጋሽ መኮንንና ጋሽ ሰይድ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ግራና ቀኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። ሐይቁ ዳር ያለው የሽንኩርት ማሳቸውም ጎን ለጎን ነው። ውሃ የሚስቡት በአንድ ሞተር ስለሆነ በተራው ምክንያት ተጣሉና ሰላምታ አቋረጡ። አንዱ በአጥር በኩል ብቅ ሲል ሌላው ሰማይ ያያል... ዝናብ የሌለውን ሰማይ!

ላስታርቃቸው ብዬ ምሳ ጠራኋቸው። የአንዱን ሥጋ ሌላው አይበላም፤ ዓሣ ግን ባራኪ አይፈልግም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ትሪ ያነሳዋል። ስሙስ ቢሆን ቆሮሶ አይደል? አብሮ ለመቁረስ የተፈጠረ።

ባለቤቴ ዘውዴ ልትጠብሰው ስትል አንዱን ፎቶ አነሳሁት። የእህቴ ልጅ ያሳየችኝ ድረ ገጽ አለ፤ የባሕር ፍጥረት ፎቶ ስትሰጡት ስሙን፣ አገሩንና ጠባዩን ይነግራችኋል። የሳይንስ ስሙን ጠርቼ ጨዋታውን ላሟሙቅ አስቤ ነው።

«ቆሮሶ መሆኑን እያወቅህ?» አለች ዘውዴ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አልኳት።

ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር መልሱ ዘገየ። እንግዶቼ መጥተው ፊታቸውን ወደየግድግዳቸው አዙረው ተቀመጡ። እጅ ታጠቡ። አንዱ በስመ አብ፣ አንዱ ቢስሚላሂ ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ ስልኬ ጮኸ። «ይህ ዓሣ ምናልባት...» ይልና ምላስ የሚያስር ስም ይከተላል፤ ከሥሩ «እሾሁ መርዛማ ነው» ይላል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ «ምናልባት»ን ዘልዬ ትሪውን ከፊታቸው አነሳሁት።

«ምን ነካህ?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«መርዝ አለው ይላል።»

«ማነው የሚለው?»

ስልኬን አሳየኋቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ስልክ ከመጣ ወረቀቱ አርፏል፣ ሥራው ሁሉ እኔ ላይ ወድቋል። ትሪውን እንዳቀፍኩ ቆምኩ።

«የሚኖረው የት ነው ይላል?» ጠየቁ ጋሽ መኮንን።

«ሕንድ ውቅያኖስ።»

ከዚያ ያልጠበቅሁት ሆነ፤ ጋሽ መኮንን ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው ወደ ጋሽ ሰይድ ዞሩ።

«ሰይድ፣ በየት በኩል የመጣ ይመስልሃል?»

ጋሽ ሰይድ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «በውጫሌ ነዋ። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ አያጣም።»

«ኮንትራት ይዞ?»

«ኧረ ተጠጋግቶ ነው እንጂ፣ ድሃ ዓሣ ነው።»

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ግን እስከ ታች አነበብኩት። ድረ ገጹ የሚያውቀው የጨው ባሕር ፍጥረታትን ብቻ ነው። የእኛን ሐይቅ ስለማያውቅ የሩቅ አምሳያ ፈልጎ ሰጥቶኛል።

ይህን ሳስረዳ ጋሽ ሰይድ ትሪውን ከእጄ ተቀበሉኝ። «አብሽር፣ አንተ አትብላ» ብለው ለጋሽ መኮንን ትልቁን ዓሣ አቀረቡ። እየበሉም ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው ውሃ እንዲያጠጣ ተስማሙ። እኔን አስተያየት የጠየቀኝ የለም። ያዘጋጀሁት የሽምግልና ንግግር እንዳማረበት ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ወሬው ግን ሰፈሩን አዳረሰ። ትናንት ከወዲያ መንደር አንዲት እናት መጡ፤ ከምራታቸው ጋር ተኳርፈዋል።

«ልጄ፣ የነመኮንንን ነገር ሰምቼ ነው። እሑድ እባክህ ድረስልኝ።»

ደረቴን ነፋሁ። «ትንሽ ሥራ ይበዛብኛል፣ ግን እሞክራለሁ።»

«አይ፣ አንተ ካልተመቸህስ አትድከም» አሉኝ። «ስልኩን ብቻ ላክልን።»