ቀይዋ መኪና በቅጽ ሰባት ስትመረመር

ሰው ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ በሚገዛበትና ዐይኑን ገልጦ በሚጸጸትበት በዚህ ዘመን፣ ያገለገለች ስፖርት መኪና ከመውሰዱ በፊት በደንብ፣ በሥርዓትና በማኅተም የመረመረ አንድ ሰው ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ሰው ሳይመሰገን ቢቀር ነውሩ የእኛ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ ስሙ፤ ቆማችሁ ብትሰሙም ግድ የለኝም።

ሰውየው በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወንበር፣ ጠረጴዛና ቁም ሳጥን ሲረከቡ ኖረዋል። እሳቸው ሳይፈርሙ የገባ በርጩማ በግቢው ውስጥ የለም፤ ቢኖርም ማንም ደፍሮ አይቀመጥበትም። አንድ ክረምት የቢሯቸው ጣሪያ አፍስሶ፣ ባልዲ የሚወጣበት መጠየቂያ ተሞልቶ እስኪፈረም ድረስ እግራቸውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው ጠብቀዋል። ሠራተኛው «ጋሽ ቅጹ» ይላቸዋል። ስድብ መሆኑን እስካሁን አልደረሱበትም።

ባለቤታቸው በጤና ጣቢያ አዋላጅ ነች። እሷ አንቱታ አትወድም፤ እኔም አልጨቀጭቃትም። ማልዳ የምትወጣበት አንዲት ነጭ አሮጌ መኪና አለቻት። መልክ የላትም፤ የኋላ መስኮቷ የሚዘጋው በመዳፍ ተገፍቶ ነው። ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ሲዞርባት እምቢ ብላ አታውቅም። ለአዋላጅ ደግሞ የምትነሳ መኪና ማለት ግማሽ ሙያ ናት፤ ሊወለድ የተነሳ ልጅ «መንገድ ተዘጋግቶብኝ ነው» ቢሉት አይሰማም።

ጋሽ ቅጹ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ በልባቸው የያዙት አንድ ምኞት ነበር፤ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ስፖርት መኪና። አምሳ አራት ዓመት ሲሞላቸው ምኞቱ ወደ ሕመም ተለወጠ። ታዲያ የሰፈሩ ጥርስ ሐኪም ልክ እንደዚያች ያለች መኪና ነበረችው። ሚስቱ መውለጃዋ ደርሶ ስለነበር ሆዷ በዚያች ዝቅተኛ መቀመጫ አልገባም አለ።

«ጋሼ፣ ነጯን ይስጡኝና ቀይዋን ይውሰዱ» አላቸው። «ጭማሪ የለ፣ ምን የለ፤ መኪና በመኪና።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ያገባት አርግዛ የጨነቀው ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን ተረቱ አይናገርም።

«መኪናዬን?» አለች ሚስት።

«መኪናችንን።»

«አንተ እኮ በዓመት ሁለቴ ነው የምትነዳት።»

«ስለዚህ የሚያስነዳኝ አጥቻለሁ ማለት ነው» አሉና አኮረፉ። ሦስት ቀን አኮረፉ። አራተኛው ቀን ላይ እንጀራ ፈላጊ ሳይሆኑ ፍቅር ፈላጊ መስለው መስኮት ስር ሲቆሙ አሳዘኗት።

«እሺ፣ ሰው ሠላሳ ዓመት ሲመኝ ከኖረ ክፉ መሆን አልፈልግም» አለች። «ግን ወንድሜ ሳያያት አትፈርማትም። ጠዋት ካልተነሳች እኔ ነኝ ጉድ የምሆነው።»

ወንድሟ መካኒክ ነው። ያንኑ ዕለት መጣና እጁን እየጠራረገ ዘረዘረላቸው። «ጋሼ፣ ለሐኪሙ ሳይነገረው ድንገት ነው የሚኬደው፤ በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ። መጀመሪያ ኮፈኖውን በእጅዎ ይንኩት፤ ከሞቀ ቀድሞ አስነስቷታል፣ የሚደብቀው አለ ማለት ነው። ስትነሳ ጭሷን እናያለን፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች። የአንዱ በር ቀለም ከሌላው በር ከተለያየ ተጋጭታለች። ከሥር ገብቼ ሻንሲዋን፣ የብረት አጽሟን፣ አያለሁ፤ ብየዳ ካለባት ወደ ቤታችን። ከዚያ ዳገት እንነዳታለን። ስፖርት መኪና ደግሞ የያዛት ሁሉ ሲያስጋልባት ነው የኖረው፤ ከሌላው እጥፍ ትታያለች።»

ጋሽ ቅጹ በትዕግሥት አዳመጡ። «አንተ የባለቤቴ ወንድም ነህ?»

«ጋሼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያውቁኝ የለ እንዴ!»

«ነህ ወይስ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ዝምድና አለብህ። ከምርመራው ተገልለሃል።»

ድንገት መሄድ ነውር ስለሆነም ለጥርስ ሐኪሙ ከሦስት ቀን በፊት ለምርመራ እንደሚመጡ በደብዳቤ አሳወቁ። ቀኑንም፣ ሰዓቱንም ገለጹ። ከዚያ ከቢሯቸው ቅጽ ሰባትን ይዘው መጡ። ቅጽ ሰባት «የጽሕፈት ቤት ዕቃዎች መረከቢያ» ይባላል፤ የወጣው ለወንበርና ለጠረጴዛ ነው። ይህን ትንሽ ነገር አንስቶ የሚሟገት አይጠፋም። መኪናስ ወንበር የለውም?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነጯን እየነዱ ዳገቱ አናት ካለው የጥርስ ሐኪሙ ግቢ ደረሱ። አማቻቸውም ተከትሎ መጥቶ፣ የተገለለ ሰው ነውና ከአጥሩ ማዶ ቆመ።

«ተራ ቁጥር አንድ፣ እግሮቹ የተሟሉ መሆናቸው» ብለው አነበቡና ጎንበስ ብለው ቆጠሩ። «አራት። የተሟሉ።»

«ጋሼ፣ ጎማዎቹ እኮ ተልጠዋል!» አለ አማች።

«ቅጹ የጠየቀው ቁጥር ነው። ተራ ቁጥር ሁለት፣ መሳቢያው ያለ ችግር መከፈትና መዘጋቱ።» ከመሪው ወዲያ ያለችውን ኪስ ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። ውስጧ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ስለተገኘ ሁለት ነጥብ ቀነሱ። «ተራ ቁጥር ሦስት፣ ቀለም የተቀባ መሆኑ።» የግራው በር ቀይ ከቀኙ በር ቀይ ጋር አይተዋወቅም። ጋሽ ቅጹ ወዲህም ወዲያም አይተው «በሁለት ዓይነት ቀይ የተቀባ» ብለው ጻፉና፣ ጥርስ ሐኪሙን ስለ ትጋቱ አመሰገኑት።

ይህን የጻፉት ኮፈኖው ላይ ተደግፈው ነበር። ድንገት እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይሞቃል!»

ጥርስ ሐኪሙን ላብ አጠመቀው። «እ… ጠዋት ትንሽ አስነስቻት ነበር።»

«እንግዳ ይመጣል ብለህ አሞቅህልን? ዘመኑ ከፋ ሲሉ እንዲህ ያለም ጨዋ አለ!»

ከአጥሩ ማዶ ግንባር ከእንጨት ጋር ሲጋጭ ተሰማ።

«የመጨረሻው ተራ ቁጥር» አሉ ጋሽ ቅጹ፣ ኮታቸውን እያወለቁ፤ «ሲገፉት የማይነቃነቅ መሆኑ።» በትከሻቸው ገፉ። ንቅንቅ የለም። ጥርስ ሐኪሙን ጨምረው ገፉ። አሁንም የለም፤ ፍሬኑ ዝጎ ጎማውን ነክሶታል። ጋሽ ቅጹ እንባ ተናነቃቸው። «በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጽኑ ዕቃ ተረክቤ አላውቅም» አሉ።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት! ሞተሩንስ?»

«ሞተር የሚል ተራ ቁጥር የለም።»

በዚህ ጊዜ አማች ትዕግሥቱ አለቀና መሬቱን እየረገጠ ወደ ጋራዡ ሄደ።

አሁን ደግሞ የጥርስ ሐኪሙን ክፉ ጠባይ ተመልከቱ። ነጯን ኮፈኖዋን ከፈተ። የዘይት መለኪያዋን ስቦ አሸተተ። የሥራ ሸሚዙን እንደለበሰ ከሥሯ ገብቶ ባትሪ አብርቶ ተንፏቀቀ። ሞተሯ እስኪበርድ ጠበቀና አስነስቶ ጭሷን በነጭ መሐረብ ተቀበለ። ቁልቁል ወርዶ ዳገቱን መልሶ ወጣት፤ መሀል ላይ አቁሞ እንደገና አስነሳት። ጋሽ ቅጹ ይህን ሁሉ ሲያዩ አፈሩለት። ሰው ከተማረ በኋላ እንዲህ ሰው ይጠራጠራል?

ለሚስታቸው ደወሉ። «ከመቶ ዘጠና ስምንት አገኘች!»

«ወንድሜስ?»

«በቦታው ነበር።»

ይህ አንድም ሐሰት የለበትም። አጥር ማዶ መሆኑን አልጠየቀቻቸውም። «እንግዲያስ ፈርም፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለች፤ ፈረሙ። ጥርስ ሐኪሙ የቀይዋን ጎማ በመዶሻ ሁለቴ ሲመታው ለቀቀ። እስከ ቤት መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት ነበርና እንደ ሕልም ተንሸራተው ገቡ።

ሰኞ ማለዳ ሚስት ያቺ ጉድጓድ መሳይ መቀመጫ ውስጥ ገብታ ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ «ክ» አለች። ደግማ ስታዞር «ክ»ም ቀረ። ወንድሟ ተጠርቶ መጣና ከሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ «ከፊት አንድ መኪና ነች፣ ከኋላ ሌላ መኪና ነች» አለ። «መሀል ላይ በብየዳ ተጋብተዋል። ሞተሩማ አልቋል።»

«አይተሃታል አይደል ቅዳሜ?»

«እቴ፣ እኔ ያየሁት አጥሩን ነው።»

ሚስት ባሏን አየቻቸው።  ጋሽ ቅጹ ቅጹን ከፍ አድርገው «እዚህ ላይ ስለ መነሳት የተባለ ነገር የለም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየረች መሄድ ሆነ። ሰኞ ዘገየች፣ ማክሰኞ ዘገየች። ረቡዕ ደብዳቤ ተሰጣት፤ አንድ ቀን ከደገመች ከማዋለጃ ክፍል ወደ ካርድ ክፍል ትዛወራለች ይላል። ያንን ይዛ ቤት ገብታ አለቀሰች። «ሃያ ዓመት በእጄ ልጅ ስቀበል ኖሬ፣ አሁን ካርድ ልደርድር?» ጋሽ ቅጹ ሊያጽናኗት ፈለጉና ደብዳቤው ወጪ ቁጥር እንደሌለው ጠቆሟት። ትራሷን ይዛ ሌላ ክፍል ሄደች።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ወደ አውቶቡሱ ልትወጣ በሩን ስትከፍት ነጯ መኪና እየበረረች መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ጥርስ ሐኪሙ አንድ እግሩ ጫማ፣ አንድ እግሩ ነጠላ ጫማ አድርጎ ዘሎ ወረደ።

«ሲስተር! ሚስቴን ጤና ጣቢያ አድርሻታለሁ፤ ምጡ ፋታ አልሰጣት አለ! ያደረችው አዋላጅ ሁለት ወላድ ይዛለች። የቀኗ ተረኛ የት አለች ብል አውቶቡስ እየጠበቀች ይሆናል አሉኝ!»

«እውነታቸውን ነው» አለች ረጋ ብላ። «መኪናማ ነበረችኝ።» እጇን ወደ ቀይዋ ዘረጋች።

ጥርስ ሐኪሙ ቀይዋን አያት። በዘመኑ ስንቱን ሰው አፍ አስከፍቷል፤ የራሱ ግን እንደዚያን ዕለት ተከፍቶ አያውቅም።

«ይኸው ቁልፉ! ያንቺው ናት! ያቺን ጉድ እኔው አስጎትቼ እወስዳለሁ፤ ብቻ ድረሽልኝ! ሰው ሲያታልል ራሱን ነው ለካ!»

ሚስት መሪውን ስትጨብጥ ጋሽ ቅጹ ፒጃማቸውን እንደለበሱ፣ ቅጻቸውን እያውለበለቡ ከፊቷ ተደነቀሩ። «ያለ ርክክብ ንብረት አይገባም፣ አይወጣም!»

«አንተ ሰውዬ፣ ዞር በል!»

«እግሮቹን ብቻ ልቁጠር—»

ነጯ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ጋሽ ቅጹ ዘለው አጥር ላይ ተለጠፉ፤ ያለ ፊርማ አንድ ሥራ ሲሠሩ ሲታዩ ያ የመጀመሪያው ነው።

ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ተመለሰች። ደክሟታል፤ ፊቷ ግን በርቷል። ሴት ልጅ ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ደብዳቤውንም አለቃዋ ራሷ ቀዳድዳ ጥላዋለች። ቀይዋ በገመድ ተጎትታ ሄዳ ግቢው ባዶ ሆኗል። ጋሽ ቅጹ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቆሙ።

«በተከሰተው ሁኔታ ማዘኔን እገልጻለሁ። ከእንግዲህ ቅጹ ይሻሻላል። ሞተር የሚል ተራ ቁጥር ይጨመርበታል።»

«ተወው ቅጹን» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልመረምር የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ምን ወሰድሽ?»

«ባል።»

ጋሽ ቅጹ የቆለፉትን ኮት መልሰው ፈቱ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ውስጡን ሳልከፍት፣ ዳገት ላይ ሳልነዳ፣ ቀለሙን ብቻ አይቼ።» እግሯን በሁለት እጇ እያሸች ቀና ብላ አየቻቸው። «ለመሆኑ ያ ቅጽህ፣ የተረከቡትን ዕቃ የሚመልሱበት ቦታ አለው?»

እየሣቀች ትሁን አትሁን ቀና ብለው ለማየት አልደፈሩም። መነጽራቸውን አደረጉ። ቅጽ ሰባትን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣ ገለበጡ፣ ጀርባውን ለብርሃን አሳይተው እንደገና አነበቡ። ምንም የለም። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቅጹ ጎዶሎ በመሆኑ እግዜርን አመሰገኑ።