የሐጂ ሸምሱ ሙዚየም

አሮጌ ዕቃ በአገራችን ሁለት ዕጣ አለው፤ ወይ ምድጃ ይገባል፣ ወይ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት የአይጥ ቀለብ ይሆናል። ሦስተኛ ዕጣ ልስጠው ብሎ የተነሣ ሰው ካያችሁ፣ ዘመዶቹ «ጤናው እንዴት ነው?» እያሉ በጎን መጠያየቃቸው አይቀርም። ሐጂ ሸምሱም ከዚህ አላመለጡም።

ሐጂ ቡታጅራ ገበያ አቡጀዲ ይሸጡ ነበር። ጃንሆይ ባረጁበት፣ እኔም ከጎጃም ተመድቤ አስተማሪ ሆኜ በመጣሁበት ዘመን ነው። ከሱቃቸው ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። በፍየል ቆዳ የተለበጠ የእጅ ጽሑፍ ቁርኣን፣ ልጆች ቁርኣን የተማሩባቸው በዕድሜ የጠቆሩ የእንጨት ሉሆች፣ ከፈረሰ መስጊድ የተረፈ ሐረግ የተቀረጸበት መቃን፣ ሰው ቤቱን ዘግቶ አዲስ አበባ ለንግድ ሲሄድ ለማገዶ ያሰበውን ሁሉ ለምነው ሰብስበው እዚያ ሰቀሉት። ደጃፉ ላይም በአማርኛና በዐረብኛ «ሙዚየም» ብለው አጻፉ።

ማን መጥቶ ይየው? ገበያተኛው ቸኩሏል። የወረዳው ሹም «ሙዚየም አዲስ አበባ አለ አይደል?» አሉ። የመስጊዱ ሼህ እንኳ «ቁርኣን የሚቀራ እንጂ የሚታይ ነው እንዴ?» ብለው አለፉ። እኔ ብቻ ዓርብ ዓርብ ብቅ እል ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሌላ መሄጃም አልነበረኝም።

አንድ ዓርብ ስሄድ ሐጂ ለእንግዳ ምንጣፍ ዘርግተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ዛሬም ሰው የለም፣ ሐጂ?»

«አንተ መጣህ አይደል መምህር? አልሐምዱሊላህ» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባቸው። «ልጆቻችን መርካቶ ገብተው ነጋዴ ሆነዋል። አንድ ቀን አያቶቻችን ምን ነበሩ ብለው ሲመጡ ምን እናሳያቸዋለን? አቡጀዲ?»

በክረምቱ ሳል ያዛቸው። መስከረምን ሳያዩ ሞቱ።

የቀብራቸው ዕለት ዝናቡ ልክ አልነበረውም። ድንኳኑ ሲያፈስ ለቀስተኛው ወደዚያች ክፍል ተግተለተለ፤ ሹሙም፣ ሼሁም፣ ከመርካቶ የመጡትም ተፋፍገው ቆሙ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው ይባል የለ? ሙዚየሙ የተመረቀው ባለቤቱ በተቀበሩ ቀን ነው።

ዝናቡ አላባራ ሲል ሰው ዓይኑን ግድግዳው ላይ ጣለ። ኑሪ የሚባል የመርካቶ ነጋዴ ከአንዲት ሉህ ፊት ደርቆ ቀረ።

«ይቺ የአባቴ ናት» አለ፣ ስንጥቋን በጣቱ እየዳበሰ። «በልጅነቴ ጥዬ የሰነጠቅኋት እኔ ነኝ።» ትልቅ ሰው ሆኖ ተንሰቀሰቀ።

የሐጂ ሚስት ወይዘሮ ዘይነባ ሉሁን አውርደው ሰጡት። እሱን ያየ ሌላውም የአባቱን፣ የአያቱን ለየ፤ ማንንም አልከለከሉም። መቃኑን ሼሁ ለመስጊዱ ወሰዱት። በሳምንቱ ግድግዳው ላይ የቀረው ምስማር ብቻ ነበር።

«ለምን ሰጡ? ሐጂ ዕድሜያቸውን የፈጁበት አይደለም?» አልኳቸው።

«እሳቸው የፈለጉት ሰዉ እንዲመጣ ነበር» አሉኝ፣ ባዶውን ግድግዳ እያዩ። «መጣ።»

ክፍሏን በኋላ የበርበሬ ነጋዴ ተከራያት። ባለፈው ገብቼ ዓይኔን እያሻሸሁ ወጣሁ።

በርበሬው ነው።