በደረጃ ዕድገት መስፍን የሆነው ሎሌ

የመሥሪያ ቤቱ የድራማ ኮሚቴ ለጥበብ የዋለውን ውለታ ትውልድ ሊዘነጋው አይገባም። ከአምስቱ አባላት አንዱም በሕይወቱ ድራማ አይቶ ስለማያውቅ ውሳኔያቸው ሁሉ ከአድልዎ የጸዳ ነበር።

ለምሥረታው በዓል የቀረበውን ድራማ የጻፈው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ታሪኩ የድሮ ዘመን ነው፤ የመስፍን ልጅ የአባቷን ፈረስ የሚጠብቅ ሎሌ ትወዳለች፤ አባት ይሰማል፤ ሎሌው ይባረራል፤ ልጅቷ ታለቅሳለች። ሎሌውን ደራሲው ራሱ ሊጫወት አስቧል፤ የመስፍኑን ልጅ ለመጫወት ደግሞ የሕግ ክፍል ኃላፊዋ እሺ ብላለች። ሰውየው ሦስት ዓመት ሙሉ ፋይል ሲያቀብላት "እንደምን አደሩ" ከማለት አልፎ አያውቅም። መድረክ ላይ ግን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ያለ አንቺ ቀኑ አይነጋልኝም" ሊላት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ!

ኮሚቴው ጽሑፉን በጥልቀት መረመረ።

"የሕግ ክፍል ኃላፊ እንዴት ሎሌ ትወዳለች?" አሉ ሰብሳቢው።

"እሷ አይደለችም ጌታዬ፣ የመስፍን ልጅ ናት" አለ ደራሲው።

"ይባስ! ኧረ ቢያንስ ባልደራስ አድርገው።"

"ባልደራስስ ቢሆን ያው የጋጣ ሰው አይደል እንዴ?" አሉ ሌላው አባል።

ሎሌው በመጀመሪያው ስብሰባ ባልደራስ፣ በሁለተኛው የጦር አለቃ፣ በሦስተኛው መስፍን ሆነ። እንዲህ ያለ ፈጣን ዕድገት በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። መስፍን ከሆነ ታዲያ ልጅቷ ለምን እንደምታለቅስ የጠየቀ አልነበረም። ቦታው ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለማይመጥን ግን ለምክትል ሥራ አስኪያጁ ተሰጠ።

"እኔስ?" አለ ደራሲው።

"አንተማ አልተረሳህም፤ ፈረስ ነህ። ያውም የፊቱን ግማሽ! ከኋላ ዘበኛው ይገባል።"

በዕለቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ካባቸውን ደርበው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ያለ..." አሉና ቆሙ። "ያለ..." ላብ አጠመቃቸው።

ያኔ ከፈረሱ ጨርቅ ውስጥ "ያለ አንቺ ቀኑ አይነጋልኝም" የሚል ድምፅ ወጣ። ፈረሱ በዚህ አላበቃም፤ ሦስት ዓመት አንደበቱ ላይ የከረመውን፣ ኮሚቴው ያልመረመረውን ሁሉ አከታተለው።

የሕግ ክፍል ኃላፊዋ ከመስፍኑ ዞር ብላ ፈረሱን አየችው።

"እስከ ዛሬ የት ነበርክ?"

"መዝገብ ቤት" አለ ፈረሱ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷ ልጓሙን ጨብጣ እየመራች በጎን በር ይዛው ወጣች። ዘበኛው ግን ስለ ጉዞው በደብዳቤ የደረሰው ነገር ስላልነበረ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ ጨርቁ ለሁለት ተተረተረ። መድረኩ ላይ መስፍኑና የፈረሱ የኋላ ግማሽ ጎን ለጎን ቀሩ።

ሰብሳቢው ከፊት ወንበር ሆነው ሁለቱን ደጋግመው አዩዋቸው። ከዚያም ወደ ኮሚቴው ጸሐፊ ጎንበስ ብለው፣ "እንዲህ ነው እንጂ!" አሉ። "አሁን ገና በደረጃ የሚመጣጠኑ ሁለት አገኘን። በቃለ ጉባኤ ያዝልኝ።"